የሕዝብ ጤና ከፍተኛ ትምህርትና የወረዳው መዝገብ

የዓለም ጤና ድርጅት በገለጸው መሠረት፣ በአገራችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 900,000 ያህል ነበር። ይኸው ቁጥር በ2023 ወደ 4.1 ሚሊዮን ወጣ። በ2024 ደግሞ ዓመቱ ሳያልቅ፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ፣ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙና 1,157 ሰዎች መሞታቸው ተመዘገበ። በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንት እጥፍ ማለት ነው።

በእነዚሁ ዓመታት በሕዝብ ጤና ትምህርት የማስተሬት ዲግሪ ይዘው የወጡት ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም። ቀድሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ይሰጥ የነበረው ይህ ትምህርት ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረማያ፣ በሀዋሳ፣ በመቀሌ፣ በባሕር ዳርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ የግል ኮሌጆችም ሳይቀሩ ያስተምሩታል። እንግዲህ አንድ አስተዋይ ሰው «ስለ ሕዝብ ጤና የተማረው እንዲህ በዝቶ ሳለ በሽታው ስለምን በዛ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በየስፍራው የተነሣው ጦርነትና ግጭት መንገድ ዘግቶ መድኃኒትና አጎበር እንዳይደርስ፣ የቤት ውስጥ ርጭት እንዳይካሄድ አድርጓል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው አዲስ ትንኝም እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ከታየች ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምታለች። ይህች ትንኝ የለመድናት የገጠር ትንኝ አይደለችም፤ በከተማ ቤቶች በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ፣ የዝናብን ወራት የማትጠብቅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው ወረርሽኝ የእርስዋ ሥራ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በዚህ ላይ መድኃኒት የሚቋቋም፣ በፈጣን መመርመሪያም የማይያዝ የወባ ተዋሕስያን መታየት አለ። ከነዚህ ሁሉ አንዱንም ቢሆን በዲግሪ ብዛት ብቻ መመለስ አይቻልም።

ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል ዩኒቨርሲቲዎችን በቀጥታ የሚነካ አንድ አለ። ይኸውም ቁጥሩ በየሳምንቱ እየተጻፈ፣ ጊዜው ሳያልፍ አንብቦ ትርጓሜውን የሚናገር ሰው በወረዳው አለመኖሩ ነው።

የሚቆጥር ሰው አላጣንም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ አድርጎ ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ አሰማርቷል። እነዚህ ሴቶች ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን የሳምንቱን በሽተኛ ቆጥረው ለጤና ጣቢያ ይሰጣሉ፤ ጤና ጣቢያው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉም ለአዲስ አበባ ያስተላልፋል። በየደረጃው ቁጥሩ ከሌላ ቁጥር ጋር ይደመራል። በተደመረም መጠን የአንዲቱ ቀበሌ ጩኸት ከብዙው መካከል ሰምጦ ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ «ከፍ ብሏል» ተብሎ በሚታወቅበት ጊዜ በቀበሌዋ ስንቱ ተቀብሯል። ስለዚህ ቁጥሩ መነበብ ያለበት ገና ከጎረቤቱ ቁጥር ጋር ሳይቀላቀል በወረዳው ነው።

የሕዝብ ጤና ትምህርት በአገራችን የተጀመረው ከዚሁ ሐሳብ ተነሥቶ እንደ ነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር አጠገብ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ። ይህ መቅሠፍት ለጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል መከፈት አንዱ ምክንያት ሆኖ ይጠቀሳል። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና በአሜሪካ የቴክኒክ ርዳታ ትብብር ነበር። ያሠለጠናቸውም ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ሲሆን፣ እነዚህ በአንድነት ተምረው በአንድነት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ የታሰቡ ባልደረቦች ነበሩ። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሕዝብ ይሆናል ተብሎ ነበር የታቀደው።

ጤና መኮንኑ በዚያ አውራጃ ውስጥ ያክማል፤ ምንጭ ያስጠብቃል፤ የሽንት ቤት ጉድጓድ እንዲቆፈር ከባላገሩ ጋር ይከራከራል፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ ብሎም ይጽፋል። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ሁሉም በተመደቡበት ጸኑ ለማለትም አንደፍርም። ሆኖም ትምህርቱ በምን ይለካል ቢባል መልሱ ግልጽ ነበር፤ በዚያ አውራጃ ሕዝብ ጤና ይለካል።

ኮሌጁ ጥቂት ዓመት እንደ ሠራ ከደምቢያው የባሰ መጣ። ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ወባ ወትሮ ወደማይደርስበት ደጋማ አገር ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ተገምቷል። የዚያን ዓመት ዝናቡ ከልክ ያለፈ፣ ሙቀቱም ያልተለመደ ነበር። በሽታውን የማያውቅ የደጋ ሕዝብ የመከላከል ኃይል ስላልነበረው በአንድ ጊዜ ወደቀ። ልብ ማለት የሚገባው ቁጥሩ ግምት መሆኑን ነው። ሙታኑን አንድ በአንድ የጻፈ አልነበረም። በተከታዩ ዓመት «ወባ ማጥፊያ» እየተባለ ሕዝቡ የሚያስታውሰው መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከዚህ በኋላ ነው።

የጎንደሩ ኮሌጅ ከአብዮቱ በኋላ በጀርመን ሊቃውንት ርዳታ ወደ ሕክምና ፋኩልቲነት ተለወጠ፤ የጤና መኮንኖች ትምህርትም ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው እንደ ገና የተጀመረው። ከዚያ በላይ ያለውን ትምህርት በሕዝብ ጤና መማር የሚሻ ሐኪም ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር። የሄደው ሁሉ አልተመለሰም፤ የተመለሰውም የተማረው ስለ ሌላ አገር ሕዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የሕዝብ ጤና የማስተሬት ትምህርት መከፈቱ ስለዚህ ትልቅ ነገር ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላም ይኸው ክፍል ከስዊድን የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በቡታጅራ ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ነዋሪው ሁሉ ከተቆጠረ በኋላ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ቀዬውን ለቀቀ የሚለው በየቤቱ እየተጠየቀ ተመዘገበ። ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ለዶክትሬት ያቀረቡት ጥናት ከዚህ ሥራ የተወለደ ሲሆን፣ ከርሳቸው በኋላም ብዙ የማስተሬትና የዶክትሬት ተማሪዎች በዚሁ መዝገብ ተምረዋል። የልደትና የሞት መዝገብ በሌለው አገር አንድ ወረዳ ውስጥ ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ በቁጥር መናገር የተቻለው በዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ወደ ወረዳው ሄዶ፣ ወረዳውም የዩኒቨርሲቲው መማሪያ ሆነ።

ይህን ያህል ወደ ኋላ የተመለስነው ዛሬ የሚታየውን ለማነጻጸር ነው።

ዛሬ ሁለተኛ ዲግሪውን በሕዝብ ጤና የሚያጠና ሰው በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጃል። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ የተቀመጡትን እነዚህን ጽሑፎች ያገላበጠ ሰው አንድ ቁጥር ደጋግሞ ያገኛል፤ 422 ወይም 423። ምስጢሩ ይህ ነው። ስለሚጠናው ነገር ቀደም ያለ ዕውቀት ከሌለ ግማሹ ሕዝብ ችግሩ አለበት ተብሎ ይታሰብና በቀመሩ ሲሰላ 384 ሰው ይበቃል ይላል፤ መልስ የማይሰጥ አይጠፋምና በዚያ ላይ አሥር በመቶ ይጨመራል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን «ቀደም ያለ ዕውቀት የለም» የሚለው ቃል በየዓመቱ፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ ስለ አንድ ዓይነት ጉዳይ ሲደጋገም ምን ይባላል? ያለፈው ዓመት ተማሪ ያገኘው የት ገባ?

ተማሪው መጠይቁን ይዞ ወደ አንድ ወረዳ ይሄዳል፤ 422 ሰው ጠይቆ ይመለሳል፤ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ፈታኞቹ ፊት ቆሞ ይከራከራል፤ ይመረቃል። ጽሑፉም ቢሳካለት በውጭ አገር መጽሔት ይታተማል። የተጠየቀችው እናት ግን ምን እንደ ተገኘ አልሰማችም። የወረዳው የጤና ኃላፊም ብዙ ጊዜ አልሰማም፤ ምክንያቱም በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም የተጻፈ ሁለት ገጽ እንኳ አልተላከለትም። የሚያስተዛዝበው ደግሞ በዚያው በወረዳው ጽሕፈት ቤት የአምስት ዓመት ሳምንታዊ መዝገብ ሳይነበብ ተቀምጦ ሳለ ተማሪው አዲስ መጠይቅ ይዞ በደጁ ማለፉ ነው።

በተማሪው ላይ አንፈርድም። አብዛኛው በገጠር ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ለዓመታት የሠራ ሰው ነው። ለመማር የፈለገው ዕውቀት ሽቶ ብቻ ሳይሆን ከነበረበት ለመውጣትም ነው፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። ልጆቹን የሚያስተምርበት፣ ደመወዙ ለወር የሚደርስበት ቦታ ይሻል። ዲግሪውን ይዞ ወደ ወረዳው ቢመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ያው የበፊቱ ወንበርና ከበፊቱ እምብዛም የማይለይ ደመወዝ ነው። ስለዚህ ወደ ዞን ይወጣል፤ ከዞን ወደ ክልል፤ ከክልል ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ርዳታ ድርጅት። በእያንዳንዱ እርምጃ ከመዝገቡ ይርቃል።

ሥራቸውን ሳይለቁ የሚማሩም አሉ። አንባቢ ይህን የእሑድ ጋዜጣ በሚያነብበት ሰዓት በየከተማው የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ተከታትለው ሰኞ ማለዳ ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ብዙ ናቸው። ትጋታቸው የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ እሑድ የተማሩትና ሰኞ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ መምህሩ ስለ ወረዳቸው አይጠይቃቸውም፣ ወረዳቸውም ስለ ትምህርታቸው አይጠይቃቸውም።

የሚገናኙበት መንገድ ግን አለ፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና በተባባሪዎቻቸው የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ የማስተሬት ትምህርት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተጀመረው የወረርሽኝ መርማሪዎች ሥልጠና የተቀዳ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ከዚህ ውስጥ በክፍል የሚያልፈው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆን የቀረው በመስክ ነው። ሬዚደንት ሐኪም በሽተኛ እያከመ ሕክምና እንደሚማር ሁሉ፣ ይህ ተማሪ ወረርሽኝ እየመረመረ ወረርሽኝ ይማራል። በሽታ ተነሣ ከተባለበት ቦታ ሄዶ በሽተኛ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ይወስናል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ መንደርና የታመመበትን ቀን በዝርዝር ይጽፋል፤ ካልታመሙት ጋር ያነጻጽራል፤ ምክንያቱን ሲደርስበትም ለወረዳው አስተዳዳሪ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። የአንድን ወረዳ የቅኝት መዝገብ መተንተንም ከሚመረቅባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ከዚሁ የወጣ የሦስት ወር አጭር ሥልጠናም ለወረዳ ሠራተኞች ይሰጣል።

መዝገብ መተንተን ሲባል የጸሐፊ ሥራ የሚመስለው ሰው ስላለ አንድ ምሳሌ እናቅርብ።

የወባ ወረርሽኝ መነሣት አለመነሣቱ በወረዳ ደረጃ የሚታወቀው በቀላል ዘዴ ነው። የአምስት ዓመት መዝገብ ይወሰዳል። እንበልና በአንዲት ጤና ጣቢያ በመስከረም ወር በአንዱ ሳምንት ባለፉት አምስት ዓመታት የተመዘገቡት በሽተኞች 9፣ 12፣ 15፣ 18 እና 31 ቢሆኑ፣ ከትልቁ ቀጥሎ ያለው 18 ወሰን ይሆናል። በዚህ ዓመት በዚያው ሳምንት 25 ሰው ቢመዘገብ ከወሰኑ አልፏልና ርምጃ ይወሰዳል። የአምስት ዓመት መዝገብ ከሌለ ደግሞ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት እጥፍ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ይህን እርሳስና ወረቀት ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

አሁን ግን በአምስቱ ዓመት መካከል ሁለት ክፉ ዓመታት ነበሩ እንበል። ቁጥሮቹ 9፣ 12፣ 15፣ 140 እና 210 ቢሆኑ ወሰኑ 140 ይሆናል። በተከታዩ ዓመት 130 ሰው ቢታመም ሠንጠረዡ «ደኅና ነው» ብሎ ይመልሳል። ወረርሽኙ ሲሰነብት ማስጠንቀቂያው ራሱ ወረርሽኙን ለምዶ ዝም ይላል ማለት ነው። ወባ ለዓመታት በተከታታይ ሲጨምር በቆየባቸው ወረዳዎች ይህ ሊደርስ የሚችል አደጋ ነው። ጤና ኬላው በጦርነት ተቃጥሎ፣ መዝገቡ ጠፍቶ፣ ሕዝቡ ተሰዶ እንደ ገና በተመለሰበት ወረዳ ደግሞ ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደር ራሱ ትርጉም የለውም፤ ያለፈው ዓመት ቁጥር ያነሰው በሽታው ቀንሶ ሳይሆን የሚጽፍ ጠፍቶ ሊሆን ይችላልና። እነዚህን ክፉ ዓመታት ከስሌቱ ያወጣል ወይስ ይተዋል? ከጎረቤት ወረዳ ያወዳድራል? የመመርመሪያው ዓይነት ተለውጦ እንደ ሆነስ ይጠይቃል? ይህን ለመፍረድ የማስተሬት ትምህርት ያስፈልጋል። ፈራጁ ክልል ከተማ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ግን ጤና ኬላው መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል።

የዚህ ዓይነት ሰዎች ጥቅም በወባ ብቻ አይወሰንም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን ከተገኘ ወዲህ ከበሽተኛ ጋር የተገናኙትን እየተከታተሉ ከፈለጉት መካከል የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ተማሪዎችና ምሩቃን ነበሩ። በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በጂንካ መገኘቱ ሲረጋገጥም የሚያስፈልገው ሥራ ይኸው ነበር። እንዲህ ያለው በሽታ የሚጀምረው በአንድና በሁለት ሰው ነውና፣ አንዱን ሰው «ይህ ሞት የተለመደ አይደለም» ብሎ የሚጠረጥር በስፍራው መኖር አለበት።

አንዳንድ መምህራን በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ ያነሣሉ። የማስተሬት ተማሪ የምርምር ዘዴ መማር እንጂ የወረዳ መዝገብ ማስተካከል ሥራው አይደለም፤ መዝገቡም በስሕተት የተሞላ ስለ ሆነ ለሳይንስ አይበቃም ይላሉ። ሁለተኛው ቃላቸው እውነት አለው። የወረዳ መዝገብ ጉድለት ብዙ ነው፤ ያልተጻፈ አለ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አለ፣ ሪፖርት ለማሳመር የተጻፈም አይጠፋም። ነገር ግን አገሪቱ መድኃኒትና አጎበር የምታከፋፍለው በዚሁ መዝገብ ነው። ስሕተቱ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደ ሆነ አጥንቶ ማሳየት ከ422 አዲስ መጠይቅ የሚያንስ ምርምር ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። የቡታጅራ ሊቃውንትም ያደረጉት ጥሩ መዝገብ እስኪመጣላቸው መጠበቅ ሳይሆን መዝገቡን ራሳቸው ማበጀት ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። በመስክ ማስተማር ውድ ነው፤ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ተማሪውን እየተከተለ የሚያርም መምህር ይፈልጋል። ይህ ትምህርት ሲመሠረት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ድጋፍ ነበረበት። ከጥር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ሲያቋርጥ በዚያ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል እንደ ተቋረጠ የሚታወስ ነው። በሰው ገንዘብ የተሠራ ነገር ባለ ገንዘቡ አሳቡን የለወጠ ቀን ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። በሽታን የሚከታተል ሰው ደመወዝ እንደ ፖሊስና እንደ ዳኛ ደመወዝ ከመንግሥት ግምጃ ቤት መውጣት ይገባዋል ብለን እናምናለን። ይህ ቢሆን ሌላ ነገር መቀነሱ አይቀርም፤ ምናልባትም በክፍል ብቻ የሚማሩት ቁጥር ያንሳል። የሚያስቆጭ አይመስለንም።

ዩኒቨርሲቲው ብቻውን የሚያደርገው ነገርም አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ተማሪው ከመጣበት ወረዳ መዝገብ ላይ እንዲጽፍ መፍቀድ፣ ከመመረቁ በፊት ያገኘውን ለወረዳው በወረዳው የሥራ ቋንቋ አቅርቦ የተቀበለበትን ደብዳቤ እንዲያመጣ መጠየቅ የአንድ የትምህርት ክፍል ስብሰባ ሊወስነው የሚችል ነው። የሚከብደው የወረዳው ወንበር ነው። ለማስተሬት ምሩቅ የሚሆን የበሽታ ቅኝት መደብ በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እንዲከፈት፣ ከደመወዙም ሌላ ገጠር የሚቆይበትን አበልና መኖሪያ እንዲያገኝ ካልተደረገ ማንም በምክር ብቻ አይመለስም። መደቡን የሚፈቅዱት የክልል ሲቪል ሰርቪስ መሥሪያ ቤቶች፣ በጀቱን የሚያጸድቁት ምክር ቤቶች ናቸው። የበጀቱ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራልና ጥያቄው ከየወረዳው ተጽፎ መድረስ ያለበት ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው።